የማረጥ ሆርሞኔን ልቀይር፣ ልቀንስ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «54 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ 3 ዓመት ሆነው። ሌሊት በላብ እየራስኩ መተኛት ስላቃተኝ፣ ከ2 ዓመት በፊት ሐኪሜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አንድ ላይ ያለበት ኪኒን አዘዘልኝ። 0.625 ሚሊ ግራም እና 2.5 ሚሊ ግራም ይላል። በየቀኑ እወስደዋለሁ። ሙቀቱ ጠፋ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። አሁን ግን ጡቴን ያመኛል፣ ሆዴ ይነፋል፣ ራስ ምታት በርትቶብኛል። ደም ግፊቴን ስለካ 148/92 ሆኖ ተገኘ። ባለፉት 2 ወራት ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብ ጠብ የሚል ደም አይቻለሁ። እህቴ ካንሰር ያመጣል፣ ዛሬውኑ ጣዪው ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ቆዳ ላይ ወደሚለጠፈው ቀይሪ፣ እሱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም ትላለች። ሆርሞኔን በደም አስለክቼ ልወስን? ልቀይር፣ ልቀንስ ወይስ ልተው?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት ደሙ። በጥያቄዎ መሀል እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገውት አልፈዋል። እኔን ግን ከራስ ምታቱም ከግፊቱም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እርስዎ የሚወስዱት ዓይነት ያለ እረፍት በየቀኑ የሚዋጥ ጥምር ኪኒን፣ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ጠብታ ደም ማሳየቱ የተለመደ ነው። እርስዎ ግን ይህን ጊዜ ካለፉት ቆይተዋል። ረጅም ጊዜ ምንም ሳይታይ ቆይቶ አዲስ የመጣ ደም «ሆርሞኑ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ይህን የምለው ላስደነግጥዎ አይደለም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ኪኒን አንዳንድ ቀን መዝለል ሊሆን ይችላል። ፖሊፕ የሚባለው ትንሽ እብጠት ሊሆን ይችላል። የሳሳ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳም በቀላሉ ይደማል። ነገር ግን የማህፀን ካንሰር መጀመሪያ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጠብታ ደም ነው፤ ቀድሞ ሲደረስበት ደግሞ በደንብ ይታከማል። ስለዚህ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የማህፀን በርዎ ይታይ። በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ይነሱ። የማህፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመሆኑ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው። ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም ግድግዳው ቀጭን ሆኖም ደሙ ከተመላለሰ፣ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ምርመራው ሳይደረግ መድኃኒት አይቀይሩ። ለምን መሰለዎት? አዲስ የሆርሞን ዓይነት ሲጀመር ራሱ ለጥቂት ወራት ጠብታ ደም ያመጣል። ዛሬ ቀይረው ከወር በኋላ ደም ቢያዩ፣ የድሮው ይሁን የአዲሱ እርስዎም አያውቁ፣ ሐኪሙም አያውቅ። ምርመራው እስኪደርስ ኪኒኑን መቀጠል ወይም ማቆም መርማሪው ሐኪም የሚወስነው ነው፤ ሲደውሉ ይህንኑ ይጠይቁ። አንድ ነገር ግን በጭራሽ አያድርጉ። ማህፀን ያላት ሴት ፕሮጄስቲኑን ትታ ኤስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ የለባትም። ኤስትሮጅን የማህፀንን ግድግዳ ያሳድጋል፤ ፕሮጄስቲን ያንን ይገታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤስትሮጅን ብቻውን በሰፊው ሲታዘዝ የማህፀን ካንሰር መጨመሩ ታይቷል። የእርስዎ ኪኒን ጥምር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሆዱንም መነፋት ሙሉ በሙሉ በኪኒኑ ላይ አላሳብበውም። ፕሮጄስቲን ሆድ ይነፋል፣ እውነት ነው። ግን ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ሆዷ አብዛኛውን ቀን ከተነፋ፣ ቶሎ ከጠገበች ወይም ሽንት ቶሎ ቶሎ ካጣደፋት እንቁልጢዋም፣ ማለትም የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል፣ መታየት አለበት። ደግነቱ ለማህፀኑ የሚነሱት አልትራሳውንድ ይህንንም ያሳያል። በአንድ መንገድ ሁለቱን ይጨርሳሉ።

አሁን ወደ እህትዎ እንምጣ። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ዊሜንስ ኸልዝ ኢኒሼቲቭ» የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት 16,608 ማህፀን ያላቸው ሴቶችን ይዞ ነበር። የተሞከረው መድኃኒት እርስዎ የያዙት ጥምረት ነው፣ መጠኑም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ከ10 ሺህ ሴቶች ውስጥ በዓመት የጡት ካንሰር የያዛቸው፣ መድኃኒት አልባ ኪኒን ከሚወስዱት 30፣ ሆርሞኑን ከሚወስዱት 38 ነበሩ። የደም መርጋትና ስትሮክም ጨመረ። የዳሌ አጥንት ስብራትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ደግሞ ቀነሰ። ዜናው ሲወጣ መጨመሩ ብቻ ተወራ። ሴቶች በየቤቱ ኪኒናቸውን ጣሉ፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ። የዚያ ፍርሃት ትርፍራፊ ነው እስካሁን በእህትዎ አፍ የሚናገረው።

ያኔ ያልተወራው የሴቶቹ ዕድሜ ነው። አማካያቸው 63 ዓመት ነበር። አብዛኞቹ ካረጡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ውጤቱ በኋላ በዕድሜ ተከፋፍሎ ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ሆነው ወይም ካረጡ 10 ዓመት ሳይሞላቸው የጀመሩት ሴቶች የልብና የስትሮክ ስጋታቸው ከትልልቆቹ በጣም ያነሰ ነበር። ሴቶቹን 18 ዓመት ያህል የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሪፖርትም በጠቅላላ ሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። እርስዎ 54 ዓመትዎ ነው፤ ካረጡም 3 ዓመትዎ ነው። ለሆርሞን ሕክምና አመቺ በሚባለው ጊዜ ውስጥ ነዎት።

ይህ ማለት የጡት ካንሰሩ ነገር ውሸት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የብዙ አገር ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ትንታኔ ወጥቷል። በ50 ዓመታቸው ጀምረው ጥምር ሆርሞን በየቀኑ ለ5 ዓመት የወሰዱ ሴቶችን እስከ 69 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ አስልቷል። ሆርሞን ካልወሰዱ 100 ሴቶች 6.3 ያህሉ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ከወሰዱት 8.3 ያህሉ። ማለትም ከ50 ተጠቃሚዎች አንዷ በሆርሞኑ ምክንያት ትጨመራለች። ቁጥሩን ሳልሸራርፍ የምነግርዎ ውሳኔው የእርስዎ ስለሆነ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በላብ ስትነከር ለምታድር ሴት ይህ የምትከፍለው ዋጋ ሊሆን ይችላል። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ካንሰር የታመመች ሴት ደግሞ በሌላ ሚዛን ታየዋለች። በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ራስዎ የጡት ካንሰር ታማሚ ከነበሩ ግን ነገሩ ይለያል፤ ይህን ሕክምና አንመክርም።

የጓደኛዎ ምክር ግማሹ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። የሚለጠፈው ፓች የተሻለ የሚሆነው «ተፈጥሯዊ» ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በመነሻው ከተፈጥሮ በቀጥታ የሚወጣው የእርስዎ ኪኒን ነው፤ ኤስትሮጅኑ በባህላዊው አሠራር የሚገኘው ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት ነው። ፓቹ ውስጥ ያለው ኢስትራዳይል የተባለው ኤስትሮጅን ግን ከዕፅዋት በተገኘ ጥሬ ዕቃ በላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። ውጤቱ እንቁልጢ ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጉዳት የለሽነትን አያረጋግጥም። የራሳችን እንቁልጢ የሚያመነጨው ኤስትሮጅንም ቢሆን አንዳንድ የጡት ካንሰሮችን ይመግባል። በዚሁ «ተፈጥሯዊ» በሚል ስም ለእያንዳንዷ ሴት በልክ ተቀምመው የሚሸጡ ክሬሞችና ከቆዳ ሥር የሚቀበሩ ፍሬዎችም አሉ። ከእነሱ ይራቁ። መጠናቸው በአግባቡ አይታወቅም፤ ቁጥጥራቸውም እንደ መደበኛው መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ ፓቹ በምን ይሻላል? በጉበት ነው። የሚዋጥ ኤስትሮጅን ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ያንን ያህል ኤስትሮጅን በአንድ ጊዜ ሲደርሰው ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን አብዝቶ ይሠራል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብም ከፍ ያደርጋል። ግፊትን ከሚቆጣጠረው ሥርዓት ውስጥ አንዱን ፕሮቲንም ይጨምራል። በቆዳ የሚገባው ኤስትሮጅን ግን መጀመሪያ ወደ ደም ይገባል፤ ጉበት ላይ በአንዴ አይዘንብም። ለዚህ ነው በተለመደው መጠን የሚወሰድ ፓች ወይም ቆዳ ላይ የሚቀባ ጄል የእግርና የሳንባ የደም መርጋትን ሲጨምር ያልታየው። አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ያሳዩት ጥናቶች ሴቶችን በመከታተል የተደረጉ ናቸው፤ በዕጣ ተከፋፍለው የተደረጉ አይደሉም። ቢሆንም ጥናቶቹ ስለሚስማሙና አሠራሩም ስለሚታወቅ፣ ውፍረት ላላት፣ ለምታጨስ፣ ግፊት ወይም ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ላለባት ሴት ፓችን አስቀድማለሁ። የጡት ካንሰር ስጋት ግን በቆዳ በመሆኑ ብቻ ቀንሷል ብለው አያስቡ። እዚያ ላይ ለውጥ የሚያመጣው ሁለተኛው ሆርሞን ነው፤ እመለስበታለሁ።

ግፊትዎን በተመለከተ ግን ተስፋዎን ልቀንስ ነው። ቅድም ባነሳሁት ትልቅ ጥናት ኪኒኑ የላይኛውን ግፊት በአማካይ የጨመረው በ1 ወይም በ1.5 ነጥብ ብቻ ነው። አንዳንድ ሴቶች ላይ ከዚህ በላይ ይጨምራል። ቢሆንም 148/92ን ሁሉ ኪኒኑ አመጣው ማለት ይከብዳል። በ54 ዓመት ግፊት በራሱ ይመጣል። ያንን ቁጥር ያገኙት አንድ ቀን ከሆነ ገና በሽታ አልተባለም። መለኪያ ይያዙ። ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት፣ ተቀምጠው 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ለክተው ይጻፉት። ከፍ ብሎ ከቀጠለ የግፊት ሕክምና ይጀመር። «ሆርሞኑን ስቀይር ይወርድልኛል» ብለው ወራት አይጠብቁ። ግፊት ስላለብዎ ብቻም ሆርሞን አይከለከሉም፤ ግፊቱን ከተቆጣጠሩት በቂ ነው።

ስለ ራስ ምታቱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከራስ ምታቱ በፊት ዓይንዎ ላይ ብልጭታ፣ የተጣመመ መስመር ወይም ጨለማ ነጥብ ይታይዎታል? ወይስ ፊትዎ ወይም እጅዎ ይደነዝዛል? ይህ ምልክት ያለው ማይግሬን ከሆነ ከሚዋጠው ወደ ፓች መሄዱ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል፤ በስትሮክ ስጋት ምክንያት። ምልክት የሌለው ማይግሬንም የሆርሞን መውጣትና መውረድ ያባብሰዋል። ፓች በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከኪኒን ይልቅ እኩል አድርጎ ይይዛል።

ጡቱስ? የሁለቱም ጡት ሕመም ያለ እብጠት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የኤስትሮጅን መጠን መብዛት ወይም የፕሮጄስቲኑ ሥራ ነው። ሕመም ብቻውን የካንሰር ምልክት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። በአንድ ቦታ የሚዳሰስ እብጠት፣ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዕድሜዎ የሚገባዎትን ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ካላደረጉ አሁን ያድርጉ፤ ሆርሞን ቢወስዱም ባይወስዱም የሚገባ ነው።

ሆርሞንን በደም ለክቶ መወሰን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። በእርስዎ ዕድሜ ማረጥ የሚታወቀው በወር አበባ መቆም ነው፤ ለዚህ ምርመራ አያስፈልግም። የሚወስዱት ኪኒን ደግሞ የብዙ ኤስትሮጅኖች ድብልቅ ነው። በላቦራቶሪ የተለመደው ምርመራ ኢስትራዳይልን ብቻ ስለሚለካ በሰውነትዎ ያለውን ሙሉውን አያሳይም። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ መጠን ቢጨመርልዎ የባሰ ጡት ሕመም ያተርፋሉ። እኛ የምንመራው በምልክቱ ነው። ሙቀቱ ቀርቷል? እንቅልፍ አለ? ጡት ያማል? ከዚህ ይልቅ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያድርጉ፤ እሱ ለውሳኔው ይጠቅማል። ሆርሞንን በደም መለካት ጥቅም የሚኖረው በፓች ወይም በጄል ከፍተኛ መጠን ደርሳ ሙቀቱ ያልቀረላት ሴት ላይ ነው፤ ቆዳዋ መድኃኒቱን እየመጠጠው መሆኑን ለማየት።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ሴቶች «ልቀይር?» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር የሚመስላቸው አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ የኤስትሮጅኑ መንገድ፣ የኤስትሮጅኑ መጠን፣ የሁለተኛው ሆርሞን ዓይነት፣ እና ጨርሶ መተው። የሚያስቸግርዎትን ከሚያመጣው ጋር ካላገናኙ ቅያሬው ቁማር ነው። የእርስዎ ኪኒን ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሆርሞኖች በአንድ ኪኒን ታስረዋል። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማስተካከል አይቻልም። ሆድ የሚነፋውን፣ ጡት የሚያሳምመውን ለይተው ሊደርሱበት አይችሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቅም ሁለቱን መለያየት ነው።

በሁለተኛው ሆርሞን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የማያወራው እሱን ነውና። በኪኒንዎ ያለው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለ ሰው ሠራሽ ፕሮጄስቲን ነው። ማህፀንን በደንብ ይጠብቃል። ነገር ግን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ሆድ መነፋት፣ መነጫነጭና የጡት ሕመም ያመጣል። ሌላው አማራጭ በጣም በደቀቀ መልክ የሚዘጋጅ ፕሮጄስትሮን ነው፤ ከእንቁልጢ ከሚወጣው ጋር አንድ የሆነ። በየቀኑ ለሚወስዱ 100 ሚሊ ግራም፣ ማታ ሲተኙ ይዋጣል። ማታ የሆነው እንቅልፍ ስለሚያመጣ ነው፤ እንቅልፍ ለሚያጥራት ሴት ይህ ጉዳት ሳይሆን ስጦታ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጡት ካንሰር ስጋቱ ከሰው ሠራሾቹ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህም የክትትል ጥናት ነው፤ ቃል የሚያስገባ አይደለም፣ ግን ምርጫዬን ወደዚያ ያዘነብላል።

እንከንም አለው። ማህፀንን የሚጠብቀው በሥርዓት ከተወሰደ ብቻ ነው። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለው የሚዘሉት ኪኒን አይደለም። አንዳንዶቹ ዝግጅቶች የኦቾሎኒ ዘይት አላቸው፤ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባት ሴት ማሸጊያውን ታንብብ። ቆዳ ላይ የሚቀባ የፕሮጄስትሮን ክሬም ግን ማህፀንን ይጠብቃል ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ አይጠብቅም። ኪኒኑን የማይስማማት ወይም ማስታወስ የሚያስቸግራት ሴት 52 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ያለበት ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ አላት። ሉፑ እዚያው ማህፀን ላይ ስለሚሠራ ወደ ሌላው ሰውነት የሚደርሰው ትንሽ ነው። ለ5 ዓመት ኤስትሮጅንን ብቻ እያሰቡ መኖር ይቻላል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የደሙ ምርመራ ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ይቀይሩ። ጥምር ኪኒኑን ያቁሙና በማግስቱ 50 ማይክሮግራም ኢስትራዳይል ያለበት ፓች እና ማታ ማታ 100 ሚሊ ግራም ፕሮጄስትሮን ይጀምሩ። 50 ያልኩት ከአሁኑ ኪኒንዎ ጋር በግምት እኩል ስለሆነ ነው። መንገዱንም መጠኑንም በአንድ ቀን ከቀየሩ፣ ሙቀቱ ቢመለስ በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሐኪምዎ ለጡትዎ ሲሉ ከ37.5 ቢጀምሩም አልጣላቸውም። ከዚያ 3 ወር ይታገሱ። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ሌላ መሞከር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሰውነት ለመረጋጋት ጊዜ ይፈልጋል። 3 ወር ሞልቶ ሙቀቱ ከሌለና ጡቱ አሁንም የሚያም ከሆነ ወደ 37.5 ወይም ወደ 25 ይውረዱ። ሆድ መነፋቱ ብቻ አልሄድ ካለ ችግሩ ፕሮጄስትሮኑ ላይ ነው፤ ያኔ ስለ ሉፑ ይነጋገሩ።

አጠቃቀሙ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፓቹ ከወገብ በታች፣ ሆድ ሥር ወይም መቀመጫ ላይ፣ ቅባት ባልነካው ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ጡት ላይ አይለጠፍም። አብዛኛው ዓይነት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ በሳምንት አንዴ የሚቀየርም ስላለ የራስዎን ማሸጊያ ይመልከቱ። ቦታውን እያፈራረቁ ይለጥፉ። ቆዳዎ ከቀላና ካሳከከዎ ጄል አለ። ጄሉን ከተቀቡ በኋላ ይድረቅ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ የተቀቡት ቦታ ወዲያው ሕፃን ልጅ እንዳይነካ በልብስ ይሸፍኑት።

ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ከሆነ ከቅያሬው ጋር ይህን አይርሱ። የሚዋጥ ኤስትሮጅን የታይሮይድ ሆርሞንን የሚይዝ ፕሮቲን ያበዛል፤ መጠኑ ከፍ ተደርጎልዎ ሊሆን ይችላል። ወደ ፓች ሲቀይሩ ያ መጠን ይበዛብዎትና ልብዎ ሊመታ፣ እጅዎ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከቅያሬው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የታይሮይድ ምርመራ ያድርጉ። ለሚጥል በሽታ ላሞትሪጂን የምትወስድ ሴትም ሳታማክር ኤስትሮጅን አትጀምር፣ አትቀይር፣ አታቁም፤ ኤስትሮጅን የዚያን መድኃኒት መጠን ከደም ውስጥ ይቀንሳልና።

መተውስ? ምርመራው መጥፎ ነገር ካሳየ ውሳኔው ሌላ ነው፤ ያኔ ሆርሞን የለም። ካላሳየ ግን እህትዎ ስለፈራች ዛሬውኑ መጣል አያስፈልግም። ማቆም የሚጎዳ አደጋ የለውም፤ ግን ከሚያቆሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሙቀቱ ይመለስባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ሙቀቱና ላቡ በመሀለኛ ግምት 7.4 ዓመት እንደሚቆይ አግኝቷል። «5 ዓመት ሲሞላ በግድ ይቆማል» የሚባለውም ሕግ አይደለም። ቁርጥ ያለ የማብቂያ ቀን የለም። በየዓመቱ ተቀምጦ ማየት ግን ግዴታ ነው፤ ምልክቱ አለ ወይ፣ አዲስ በሽታ መጥቷል ወይ፣ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል ወይ። ለማቆም ሲወስኑ ቀስ በቀስ መቀነስ ለአጭር ጊዜ ይቀልላል፤ ከረጅም ጊዜ አንጻር ግን በአንዴ ከማቆም ጋር ልዩነት የለውም። ሆርሞኑ ሲቆም ለአጥንት የሚሰጠው ጥበቃም አብሮ ይቀንሳል፤ አጥንቷ የሳሳ ሴት ምትክ ሳታዘጋጅ አታቁም።

ሆርሞን የማይሆንላት ሴት ባዶ እጇን አይደለችም። ለድብርት የሚሰጡ እንደ ቬንላፋክሲን ያሉ መድኃኒቶች በዝቅተኛ መጠን ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ጋባፔንቲን ሌሊት ላይ ለሚበረታ ላብ ይረዳል። ፌዞሊኔታንት የተባለው አዲስ መድኃኒት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቦታ በቀጥታ ያረጋጋል፤ ሆርሞን አይደለም፤ ጉበትን ግን በደም ምርመራ መከታተል ይጠይቃል። የቀራት ችግር የብልት ድርቀትና የሽንት ማቃጠል ብቻ ከሆነ እዚያው የሚቀመጥ ዝቅተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ይበቃታል። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ፕሮጄስትሮን አይጨመርበትም።

ኪኒኑም ሆነ ፓቹ እጅዎ ላይ እያለ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ንግግር ከተሳሰረዎት፣ አንድ ጎንዎ ከደከመ ወይም በሕይወትዎ አይተውት የማያውቁት ራስ ምታት በድንገት ከያዘዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የሚወስዱትን ሆርሞን ስምና መጠን ይናገሩ። ለማህፀን ሐኪሙ ደግሞ ደም ያዩባቸውን ቀናት፣ የዘለሏቸውን ኪኒኖች እና የሳምንቱን የግፊት ልኬት ጽፈው ይዘው ይግቡ። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያስይዙ።